«ሲስተም የለም» ከማለት በፊት፦ የሰርቨር የኔትወርክ ድልድይ ብልሽት እንዴት ይፈተሻል?

ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው። ከሰሚት፣ ከጎሮ ወይም ከአያት ተነስቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ፣ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረሰ ተገልጋይ ተራው ደርሶ መስኮቱ ፊት ቆሟል። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ከተመለከተ በኋላ «ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» በማለት ያሰናብተዋል። ተገልጋዩ የዕለት ሥራውን ትቶ፣ የትራንስፖርት ወጪ አውጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሠራተኛውም ቢሆን ከዚህ የተለየ የሚለው ነገር የለውም።

እንዲህ ያለ መቋረጥ ሲያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቴሌኮም መስመር ነው። መስመሩ ችግር የሚፈጥርበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ይሁንና የብልሽቱ ምንጭ ከመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ ሳይወጣ፣ በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ የአደረጃጀት ስህተት ላይ የሚገኝበት አጋጣሚም ቀላል አይደለም። ከእነዚህም አንዱ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የሚዋቀረው የኔትወርክ ድልድይ፣ ባለሙያዎች ብሪጅ የሚሉት አሠራር መዛባት ነው።

ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያውን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ውሳኔ የሚሰጠው፣ በጀት የሚመድበውና ለተገልጋዩ መልስ የሚሰጠው የሥራ ኃላፊው በመሆኑ፣ ብልሽቱ በምን መንገድ እንደሚፈጠርና በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈተሽ በጥቅሉ ማወቁ አስፈላጊ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ከወረዳኔት እስከ ዳታ ማዕከል

በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በኔትወርክ የማስተሳሰር ሥራ ሰፊ መሠረት የያዘው በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የወረዳኔት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ፣ በኢንተርኔትና በድምፅ አገልግሎት ለማገናኘት የተነደፈ ነበር። በትምህርት ዘርፍም ስኩልኔት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት የቴሌቪዥን ትምህርት አስተሳስሯል።

ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ የተቋቋመው የአይሲቲ ፓርክ የዘርፉ አንዱ ማዕከል ሆኗል። እንደ ሬድፎክስ፣ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ የግል ድርጅቶችም የዳታ ማዕከሎቻቸውን በፓርኩ ውስጥ ገንብተዋል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን ያጸደቀ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። አገልግሎት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተሸጋገረ ቁጥር የአንድ ሰርቨር መቆም የሚያስከትለው ጉዳትም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሊኑክስ እ.አ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራበት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እ.አ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ቀዳሚ ተብለው የሚመዘገቡት 500 ግዙፍ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እ.አ.አ. በ2007 ኬቪኤም የተሰኘው ክፍል ከተጨመረበት ወዲህ ደግሞ አንድን ሰርቨር ከፋፍሎ በውስጡ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማሠራት ቀላል ሆኗል። በዚህም መሠረት ቀድሞ አምስት ሰርቨር ይጠይቅ የነበረ ሥራ በአንድ ሰርቨር ላይ ይከናወናል። የሰው ኃይል መዝገቡ በአንዱ ቨርቹዋል ማሽን፣ የፋይናንስ ሥርዓቱ በሌላው፣ የደብዳቤ መከታተያው በሦስተኛው ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

እነዚህ ቨርቹዋል ማሽኖች የየራሳቸው ገመድ የላቸውም። ወደ ውጭ የሚወጡት በሰርቨሩ አንድ የኔትወርክ ካርድ በኩል ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው በሶፍትዌር የተሠራ መሸጋገሪያ እንግዲህ የኔትወርክ ድልድይ ይባላል። በአንድ ድልድይ ላይ አምስት አገልግሎት ከተንጠለጠለ ድልድዩ ሲሰበር አምስቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ።

ድልድዩ እንደ መዝገብ ቤት

የድልድዩን አሠራር ለመረዳት ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የሚያውቀውን መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። አንድ አዲስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ማን በየትኛው ቢሮ እንደሚቀመጥ አያውቅም። ስለሆነም ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ ሁሉም ቢሮዎች ይልካል። በሌላ በኩል ደብዳቤ የሚልክ ሠራተኛ ሲመጣ ከየትኛው ቢሮ እንደመጣ በማስታወሻው ላይ ይመዘግባል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስታወሻው ስለሚሞላ ደብዳቤውን በቀጥታ ለባለቤቱ ያደርሳል።

የኔትወርክ ድልድይም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ማክ አድራሻ የሚባል የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ድልድዩ መልእክት በመጣ ቁጥር የላኪውን ማክ አድራሻና የመጣበትን በር በሰንጠረዥ ይይዛል። በሊኑክስ ላይ አንድ መለያ ለ300 ሰከንድ፣ ማለትም ለ5 ደቂቃ ድምፁ ካልተሰማ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል።

ተደጋጋሚ የብልሽት ምክንያቶች

የመጀመሪያው አድራሻን በተሳሳተ ቦታ መተው ነው። አንድ የኔትወርክ ካርድ የድልድይ አባል ከሆነ በኋላ መልእክት ማሳለፊያ በር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሰርቨሩ የሚጠራበት አይፒ አድራሻ ከካርዱ ተነስቶ በድልድዩ ላይ መቀመጥ አለበት። አድራሻው በካርዱ ላይ ከቀረ፣ ወይም በሁለቱም ላይ ከተመዘገበ፣ ሰርቨሩ መልስ የሚልክበት መንገድ ይዛባል። ሁኔታው ወደ አዲስ ሕንፃ የተዛወረ መሥሪያ ቤት የስም ሰሌዳውን በቀድሞው በር ላይ ትቶ ሲሄድ እንደሚፈጠረው ግራ መጋባት ያለ ነው። ከዚሁ ጋር የድልድዩ ማክ አድራሻ ከካርዱ ሊለይ ስለሚችል፣ በካርዱ መለያ መሠረት ቋሚ አይፒ አድራሻ ሲሰጠው የነበረ ሰርቨር ሌላ አድራሻ ሊያገኝ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ስፓኒንግ ትሪ የተባለው መከላከያ በበራበት ድልድይ ላይ አንድ በር ሲገባ ወዲያውኑ መልእክት አያሳልፍም። በሊኑክስ የመጠበቂያው መነሻ ልክ 15 ሰከንድ ሲሆን፣ ማዳመጥና መማር የተሰኙት ሁለት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 15 ሰከንድ ስለሚወስዱ በድምሩ 30 ሰከንድ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ቨርቹዋል ማሽኑ ቀድሞ ተነስቶ አድራሻ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው በተዘጋው በር ላይ ይቀራል። ማሽኑ ጥያቄውን አቋርጦ ከሆነ በሩ ከተከፈተ በኋላም ያለ አድራሻ ይቆያል። «ሰርቨሩ በርቷል፣ ሥርዓቱ ግን አይሠራም» የሚባለው ሁኔታ አንዱ መነሻ ይህ ነው።

ሦስተኛው ፋየርዎል ነው። ድልድይ መልእክትን ሳይመረምር ከበር ወደ በር ያሳልፋል ተብሎ ቢታሰብም፣ በሊኑክስ ውስጥ በድልድይ የሚያልፈው ሁሉ በፋየርዎል ደንብ እንዲፈተሽ የሚያደርግ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ሲነቃ ትናንት ያለችግር ሲያልፍ የነበረ መልእክት ዛሬ ሊታገድ ይችላል። ዶከር የተሰኘው ሶፍትዌር ሲጫን የሚተላለፉ መልእክቶችን በመነሻ ደንቡ የሚከለክል መሆኑ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በመሆኑም ቨርቹዋል ማሽኖችን በያዘ ሰርቨር ላይ ዶከር ከተጫነ በኋላ ግንኙነት ከተቋረጠ፣ ከገመዱ በፊት መታየት ያለበት የፋየርዎሉ ደንብ ነው።

አራተኛው ዙር መፍጠር ነው። በአንድ ድልድይ ውስጥ ያሉ ሁለት ካርዶች ከአንድ ስዊች ጋር ሲገናኙ፣ ወይም የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች በስህተት በአንድ ስዊች ላይ ሲሰኩ፣ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይዞራል። በዚህ ደረጃ የሚጓዝ መልእክት ከተወሰነ ጉዞ በኋላ የሚሞትበት ገደብ ስለሌለው ለሁሉም የተላከ አንድ ጥሪ እየተባዛ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩን ያጥለቀልቃል። መከላከያውን እ.አ.አ. በ1985 የነደፉት በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ራዲያ ፐርልማን ናቸው። ስፓኒንግ ትሪ የተሰኘው ይህ ዘዴ ትርፍ መንገዶችን ለይቶ በመዝጋት አንድ መንገድ ብቻ ክፍት እንዲሆን ያደርጋል። በሊኑክስ ድልድይ ላይ ካልተከፈተ በስተቀር በራሱ የማይሠራ በመሆኑ ሁለት ካርድ በአንድ ድልድይ ውስጥ ያስገባ ባለሙያ ይህን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

አምስተኛው የስዊች ጥበቃ ነው። በርካታ መሥሪያ ቤቶች ለደኅንነት ሲባል በአንድ የስዊች በር ላይ አንድ ማክ አድራሻ ብቻ እንዲታይ ይወስናሉ። በድልድይ በኩል ግን የአምስት ቨርቹዋል ማሽኖች መለያ በአንድ በር ላይ ይታያል። ስዊቹ ይህን እንደ ጥሰት ቆጥሮ በሩን ይዘጋል። እዚህ ላይ ሰርቨሩም ስዊቹም የታዘዙትን ፈጽመዋል። ያልተነጋገሩት ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ክፍልና ስዊቹን የሚያስተዳድረው ክፍል ናቸው።

ስድስተኛው ገመድ አልባውን ዋይፋይ በድልድይ ለማገናኘት መሞከር ነው። የዋይፋይ ማሰራጫ ተመዝግቦ ከገባ መሣሪያ መለያ ውጭ በሌላ መለያ የሚላክ መልእክት ስለማይቀበል፣ በላፕቶፕ ላይ ለሙከራ የተዘጋጀ ቨርቹዋል ማሽን በተለመደው መንገድ በዋይፋይ ድልድይ ሊወጣ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ገመድ መጠቀም ወይም አድራሻን ተክቶ በሚያስተላልፈው ናት በተባለው ዘዴ መሥራት ይመረጣል።

ሰባተኛው የተሠራውን በቋሚነት አለመመዝገብ ነው። በትእዛዝ መስመር የተጻፈ የድልድይ አደረጃጀት የሚቆየው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ ነው። በቋሚ የአደረጃጀት ፋይል ላይ ካልሰፈረ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ድልድዩ የለም። ለወራት ሲሠራ የቆየ ሥርዓት ከአንድ ሌሊት የመብራት መቋረጥ በኋላ ያለምክንያት የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሁለት የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች አንዱን ካርድ ለማዘዝ ሲሻሙም ተመሳሳይ ውጤት ይከተላል።

ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

የብልሽት ፍተሻ በግምት ሳይሆን በቅደም ተከተል መከናወን ይኖርበታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ችግሩ ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የሚለው ነው። ሰርቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ በዚያው ሕንፃ ያለ ሠራተኛ ሰርቨሩን ለማግኘት የቴሌኮም መስመር አያስፈልገውም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ያለው ግንኙነት ከተቋረጠ ወደ ቴሌኮም ከመደወል በፊት የውስጡ መፈተሽ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ማን ማንን ማግኘት እንደቻለ መለየት ነው። ሰርቨሩ ራሱ ወደ ኔትወርኩ መውጣት ከቻለና ቨርቹዋል ማሽኖቹ ካልቻሉ ትኩረቱ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ፋየርዎሉና ወደ ስዊቹ ጥበቃ ይሆናል። ሰርቨሩም ቨርቹዋል ማሽኖቹም መውጣት ካልቻሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን ከተገናኙ፣ በድልድዩና በካርዱ መካከል ያለው ግንኙነት፣ ገመዱ ወይም ስዊቹ ይጠረጠራል። ከቨርቹዋል ማሽኖቹ መካከል አንዱ ብቻ ከተቋረጠ ደግሞ ችግሩ በዚያው ማሽን ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ከዚህ በኋላ ከታች ወደ ላይ መውጣት ነው። በቅድሚያ የገመዱና የካርዱ መብራት ይታያል። «አይፒ ሊንክ» በተሰኘው ትእዛዝ ካርዱና ድልድዩ መከፈታቸው ይረጋገጣል። «ብሪጅ ሊንክ» የትኞቹ በሮች የድልድዩ አባል እንደሆኑና በማሳለፍ ደረጃ ላይ መሆን አለመሆናቸውን ያሳያል። «ብሪጅ ኤፍዲቢ» ድልድዩ የተማራቸውን ማክ አድራሻዎች ይዘረዝራል። የውጭው ዓለም መለያዎች በካርዱ በር በኩል ካልታዩ ከውጭ የሚገባ መልእክት የለም ማለት ነው። «አይፒ አድሬስ» አድራሻው በድልድዩ ላይ መሆኑን፣ «አይፒ ሩት» ደግሞ መውጫው በድልድዩ በኩል መሆኑን ለማየት ያገለግላሉ። ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚታወቀው «ቢአርሲቲኤል» የተባለው መሣሪያ በእነዚህ አዳዲስ ትእዛዞች ስለተተካ የቆየ የሥልጠና ማስታወሻ ያላቸው ባለሙያዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ምክንያቱ ካልተገኘ «ቲሲፒደምፕ» የተሰኘው መሣሪያ በሦስት ቦታዎች፣ ማለትም በቨርቹዋል ማሽኑ በር፣ በድልድዩና በካርዱ ላይ ይከፈታል። መልእክቱ በቨርቹዋል ማሽኑ በር ታይቶ በካርዱ ላይ ካልታየ የጠፋው በመካከል ነው። በካርዱ በኩል ወጥቶ መልስ ካልመጣ ግን ፍለጋው ከሰርቨሩ ወጥቶ ወደ ስዊቹ ይሸጋገራል። አንድ ደብዳቤ የጠፋበትን ቦታ በየጠረጴዛው የወጪና ገቢ መዝገብ እያገላበጡ እንደመፈለግ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን አድራሻ ከካርድ ወደ ድልድይ ማዛወር፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ቅርንጫፍ እንደመቁረጥ ነው። ባለሙያው ያለበት ግንኙነት በመሃል ከተቋረጠ መመለሻ አይኖረውም። ስለሆነም ሥራው ከተገልጋይ ሰዓት ውጭ፣ ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ሆኖ፣ የቀድሞው አደረጃጀት ፋይል ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ መከናወን አለበት። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይመከራል። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ቀይሮ ችግሩን ያስወገደ ባለሙያ የትኛው እንዳስወገደው አያውቅምና።

ከሥራ ኃላፊው ምን ይጠበቃል?

የሥራ ኃላፊው ትእዛዞቹን ማወቅ አይጠበቅበትም። ሆኖም ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላል፤ ይገባዋልም። የሰርቨሩ፣ የድልድዩና የስዊቹ አደረጃጀት በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግቧል ወይ? አደረጃጀቱ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ እንደነበረ እንደሚመለስ ሆን ተብሎ ተሞክሯል ወይ? ባለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ፣ ማንስ ለወጠው የሚለው የሚጻፍበት መዝገብ አለ ወይ? የኃይል መቋረጥን የሚያሸጋግረው ባትሪ ይሠራል ወይ? ይህን ሥራ የሚያውቀው ባለሙያ ፈቃድ ቢወጣ ወይም ቢለቅ የሚተካው ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሰርቨሩን የተከለው ድርጅት ሥራውን አስረክቦ ከሄደና የተረከበው ባለሙያም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ከተዛወረ፣ የቀረው ሰነድ ብቻ ነው። ሰነዱ ከሌለ አዲሱ ባለሙያ ሌላው ያሰበውን መገመት ይኖርበታል። በመሆኑም የግዥ ውል ሲፈረም የአደረጃጀት ሰነድ ርክክብና የባለሙያ ሥልጠና የውሉ አካል እንዲሆኑ ማድረግ ከሰርቨሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ፣ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ከፍተኛ ነው።

ባለሙያውም በበኩሉ ያገኘውን የብልሽት ምክንያትና የወሰደውን እርምጃ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ማስታወሻ ሊያሰፍር ይገባል። ተመሳሳይ ችግር ሲያጋጥም ግማሽ ቀን የፈጀው ፍተሻ በደቂቃዎች ሊጠናቀቅ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው። ለተገልጋዩ የሚሰጠው መልስም ከዚሁ ጋር ይሻሻላል። «ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ከማለት ይልቅ «ችግሩ በውስጥ ሰርቨራችን ነው፤ እስከ 8 ሰዓት እናስተካክላለን» ማለት የሚቻለው የብልሽቱን ቦታ የለየ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ከአያትም ሆነ ከገርጂ ተነስቶ የሚመጣው ተገልጋይ ስለ ኔትወርክ ድልድይ የማወቅ ግዴታ የለበትም። የእርሱ ድርሻ ማስረጃውን አሟልቶ መቅረብ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው መሸጋገሪያ ሳይሰበር እንዲቆይ፣ ቢሰበርም ፈጥኖ እንዲጠገን ማድረግ ደግሞ የባለሙያውና የሥራ ኃላፊው የጋራ ኃላፊነት ይሆናል።